ሙሴ የሜክሲኮ መርማሪ የሆነ ጊዜ

ሆሊዉድ ብዝኃነትን አይወድም የሚሉ ሰዎች ሐሜተኞች ናቸው። እንዲያውም ያለ ልክ ነው የሚወደው። ከመውደዱ ብዛት የዓለምን ሕዝብ ሁሉ በአንድ ነጭ ተዋናይ ፊት ላይ ካላየ አንጀቱ አይርስም። በተለይ የወንጀል ፊልም ሲሠራ።

ኦርሰን ዌልስ በ1958 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያበቃውን «ተች ኦፍ ኢቭል»ን እንውሰድ። መነሻ በሆነው ልብ ወለድ ላይ ጀግናው አሜሪካዊ፣ ሚስቱ ሜክሲኳዊት ነበሩ። ዌልስ ነገሩን ገለበጠና ጀግናውን ሜክሲኳዊ አደረገው። ለዚያ ዘመን ድፍረት ነው፤ ማስረጃ እየፈበረከ ሰው የሚያስፈርደው ፖሊስ አሜሪካዊ፣ ሕግ አክባሪው መርማሪ ቫርጋስ ደግሞ ሜክሲኳዊ! እልል ከማለት በፊት ግን ቫርጋስን ማን እንደተጫወተው ማየት ያስፈልጋል። ቻርልተን ሄስተን ነው፤ የኢሊኖይ ልጅ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በ«አሥርቱ ትእዛዛት» ሙሴ ሆኖ ቀይ ባሕርን የከፈለው። ቆዳው በሜካፕ ጠየም ተደረገ፣ ከከንፈሩ በላይ ሪዝ ተተከለለት፣ በቃ፣ ሜክሲኳዊ ሆነ። እንግሊዝኛው ብቻ ሜካፕ ሳይቀባ ቀረ። በመክፈቻው ትዕይንት ከሚስቱ ጋር ወደ አሜሪካ በእግሩ ሲሻገር የኬላው ጠባቂ ጠርጠር እንኳ አያደርገውም፤ ሞቅ አድርጎ ያጫውተዋል።

ከተማዋም ብትሆን የካሊፎርኒያዋ ቬኒስ ናት። የወንበዴዎቹ አለቃ አርመናዊው አኪም ታሚሮፍ፤ ጥቁር ዊግ አጥልቃ ሲጋራ የምታጨሰው ታንያ ጀርመናዊቷ ማርሊን ዲትሪሽ። (ፊልሙ ግሩም መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያበሽቀው። ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ የሚሄደው ያ መክፈቻ ዛሬም የሙያውን ሰዎች ያስቀናል።)

ልማዱ የቆየ ነው። በ1930ዎቹ የሆኖሉሉውን ቻይናዊ መርማሪ ቻርሊ ቻንን የሚጫወተው ስዊድን የተወለደው ዋርነር ኦላንድ ነበር። የበኩር ልጁን ግን ቻይና የተወለደው ኪ ሉክ ተጫወተው። አባት ስዊድናዊ፣ ልጅ ቻይናዊ፤ የእናትየው ደም በርትቷል ማለት ነው። ኦላንድ በ1938 ሲሞት ምትክ ተፈለገ፣ የሚዙሪው ተወላጅ ሲድኒ ቶለርም ተገኘ። ቶለር ሲሞት ደግሞ የቦስተኑ ሮላንድ ዊንተርስ። የጎመን ምንቸት ወጣ፣ ያው የጎመን ምንቸት ገባ።

በ1983ቱ «ስካርፌስ» የኩባው ስደተኛ ቶኒ ሞንታና ለአል ፓቺኖ ደረሰው፤ የዘሩ ሐረግ ከሲሲሊ ይመዘዛል። እህቱም፣ መጀመሪያ የቀጠረው አለቃውም የጣልያን ዘር ባላቸው ተዋንያን ተያዙ። ከዋነኞቹ መካከል ሃቫና የተወለደው ስቲቨን ባወር ነበር፤ እሱንም ቶኒ ተኩሶ ገደለው። የማያሚ ኩባውያን «ወንጀለኛ አድርጎ ሊስለን ነው» ብለው በመቆጣታቸው ቀረጻው በአብዛኛው ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። ባለቤቱ ራቅ ሲል ሥራው ይፈጥናል።

የዚህ ልማድ ጠበቆች «ዋናው ችሎታ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ችሎታ ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ ወንዝ ይመስላል፤ ኪ ሉክ ሪዙን ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ የስቶክሆልም መርማሪ እንዲሆን የለመነው ስቱዲዮ አልተሰማም።

ያ ሁሉ ድሮ ቀረ ለሚል «21» አለለት። በ2008 የወጣው ይህ ፊልም ካርታ በመቁጠር የላስ ቬጋስን ካዚኖዎች ያራቆቱ የኤምአይቲ ተማሪዎችን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደርጋል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ምንጭ ጄፍ ማ የቻይና ዘር ያለው አሜሪካዊ ነው። ፊልሙ ላይ ቤን ካምቤል ተባለና ለለንደኑ ጂም ስተርጅስ ተሰጠ፤ እስያውያኑ ደግሞ ከጀግናው ጎን ሆነው ያጅቡታል። ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ሲጠየቅ፣ ገበያ የሚስብ እስያዊ አሜሪካዊ ኮከብ አላገኘንም የሚል ምላሽ ሰጠ። ስተርጅስ ራሱ ያኔ ገና ስሙ ብዙም ያልወጣ ልጅ ነበር፤ እሱ ላይ ግን ቁማሩን ለመጫወት አልፈሩም።

ጄፍ ማ ጨርሶ ተረሳ እንዳይባል ደግሞ ለአፍታ ብቅ ይላል፦ የካዚኖ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ካርታ አዳይ ሆኖ።