ከንፈር መጣጩ ሞልቷል፣ ልጅ ያዥ ነው የጠፋው

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የምታሳድጊ እህቴ፣ የሚናገርሽን ሰው ብዛት አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ይናገሩሻል፤ ለቅሶ ቤት ይናገሩሻል፤ ቡና ጠርተው ይናገሩሻል። አንቺ እጅሽ ልጁን ይዟል፣ ዐይንሽ መኪናውን ይጠብቃል፣ መልስ ለማሰናዳት ፋታ የለሽም። ስለዚህ መልሱን እኔ አሰናድቼልሻለሁ። ያዢውና ሲነኩሽ መልሺ።

«ምን በድላ ይሆን?» ይሉሻል።

«እማማ፣ እግዚአብሔር የእናትን ኃጢአት በልጅ አንደበት የሚቀጣ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሰፈር አፉን የሚፈታ ልጅ አይገኝም ነበር» በያቸው።

በእናት ላይ ማላከክ የእኛ ሰፈር ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ስመ ጥር ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝምን የሚያመጣው የወላጅ፣ በተለይም የእናት፣ ፍቅር መንፈግ ነው ብሎ ብዙ ሰው አሳምኖ ነበር። ራሱም የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ግን፣ ከዚያ 3 ዓመት ቀድሞ ነገሩ የአንጎል እንጂ የእናት ጠባይ ጉዳይ እንዳልሆነ ጽፏል። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር መንትዮችን አጥንተው ዘረ መል ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳዩ። ዘረ መልን ደግሞ ማንም መርጦ አይወርሰውም። የተማረውም ያልተማረውም እናትን ከስሶ ተረትቷል። በዚህ ክስ ይግባኝ የለም።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ይሉሻል አማትሽ።

«በዘርዎ ባይኖርም በቤትዎ አለ፤ የልጅዎ ልጅ ነው፣ አቅፈው ይሳሙት» በያቸው።

ዳውን ሲንድረም የሚመጣው 21ኛው ክሮሞዞም በ2 ፈንታ 3 ሲሆን ነው። ይህንን እነ ዤሮም ለዤን ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜም ከአባት ቤት ወይም ከእናት ቤት የሚወረስ አይደለም፤ ጽንሱ ከመጀመሩ በፊት በሴል ክፍፍል ወቅት የሚያጋጥም ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ደግሞ ልጁ በማሕፀን ሳለ፣ ሲወለድ ወይም በጨቅላነቱ አንጎሉ ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ዘር ቆጥሮ ከቤት ለሚወጣ አባትም አንዲት ቃል አለችኝ፦ ቀለብ የሚቆረጠው ለአባትነት እንጂ ለዘር ቆጠራ አይደለም። ትተህ ብትሄድም አባት ነህ።

«ጸበል ውሰጂው እንጂ ሐኪም ምን ያውቃል?» ይሉሻል።

«ጸበሉንም እወስደዋለሁ፤ ጸበሉ ግን ክኒኑን ጣይ አላለኝም» በያቸው።

ይህችን መልስ አጥብቀሽ ያዣት። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ይመለሳል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። እምነትሽን ማንም አይንካብሽ፤ ልጅሽን መድኃኒት የሚያስጥልሽንም አትስሚው።

«ሴትዮ፣ ልጁን ዝም አስብዪው፣ ሰው ረበሸ» ይላል የታክሲው ረዳት።

«ወንድሜ፣ የከፈልኩት ለወንበር ነው፤ ለምክር አልከፈልኩም። ዝም እንዲል ከፈለግህ ሙዚቃውን ቀንስለት» በዪው።

ብዙ የኦቲዝም ልጆች ለእኛ ቀላል የሆነው ድምፅ ያማቸዋል። ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ልጅ ባለጌ አይደለም፤ እየታመመ ነው። ሙዚቃውን መቀነስ ነዳጅ አይፈጅም።

«ልጁን ብንቀበለው ለሌሎቹ ወላጆች ምን እንላቸዋለን?» ይላሉ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር።

«ልጆቻችሁ ከሰው ጋር መኖር እየተማሩ ነው ይበሏቸው፤ ይህንን ሌላ ትምህርት ቤት አያገኙትም» በያቸው።

ሰው ሁሉ እናቲቱ ስትቀርብ ብር ልትለምን የመጣች ይመስለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2 የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች እንዲህ ያሉ ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ከመቶ 74.5 የሚሆኑት ያጣነው ትምህርት ነው አሉ። ከመቶ 47.1 ሕክምና አሉ። ገንዘብ ያሉት ከመቶ 30.4 ናቸው። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ከመቶ 45.1 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ ሐፍረት ይሰማናል ብለዋል። ማፈር የሚገባው ግን በር የዘጋው ነው እንጂ በር ያንኳኳው አይደለም።

«እግዜር ለምትችል ነው የሚሰጠው፤ አይዞሽ» ይሉሻል ቡና ላይ።

«እግዜር ልጅም ጎረቤትም ሰጥቶኛል። ልጁ ደርሶኛል፤ ጎረቤቱን እየጠበቅሁ ነው» በያቸው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ካሉሽም፣ «የእሱ ዕድል አንቺ ነሽ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነይና ያዢልኝ» በዪ።

የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ይህ ነው። ከንፈር መጣጭ በየደጁ ሞልቷል፤ ልጁን ለ2 ሰዓት የሚይዝ ግን የለም። ልጅ ቤት ተቆልፎበት ሲውል ስንሰማ «ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት!» እንላለን። ብትቆልፍ ሥራ ልትሄድ ነው። ሥራ ካልሄደች የሚበላ የለም፤ ይዛው ብትሄድ አሠሪዋ አይፈቅድም፤ ትታው ብትሄድ መኪና ይገጨዋል። ቁልፉን እጇ ላይ ያየ ሁሉ ጎረቤቱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እንደነበርም ይመስክር።

«ባለሙያ የለም፣ በጀትም የለም» ይሉሻል በመንግሥት ቢሮ።

«ጌታዬ፣ ልጅ አዝላ የቆመችን እናት ከወረፋው ማሳለፍ ስንት ብር ይፈጃል?» በያቸው። ከዚያ ቀጥዪ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 23 መደበቅን፣ መተውንና ማግለልን ለመከላከል ለልጆቹም ለቤተሰቦቻቸውም በጊዜ መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «ለቤተሰቦቻቸው» የሚለውን በጣትሽ አሳያቸው። አንቺ እዚያ ውስጥ አለሽ፤ የመጣሽው ችሮታ ፍለጋ አይደለም።

ባለሙያ የለም ላሉትም መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። አሠልጣኙ ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅበትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እዚሁ አገር ሞክረውታል። ወላጆች ከልጃቸው ጋር በጨዋታ መግባባትን፣ ልብስ መልበስንና እጅ መታጠብን በትንሽ በትንሹ ማስተማርን፣ በጩኸቱ ምን ሊል እንደፈለገ ማስተዋልን ይማራሉ። ራሳቸውን መንከባከብም የሥልጠናው አካል ነው። ይህንን በየጤና ጣቢያው ለማድረስ ወንበርና ቁርጠኝነት ይበቃል፤ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም።

«ወላጆቹ ራሳቸው ለምን አይንቀሳቀሱም?» የሚል ደግሞ አይጠፋም።

ተንቀሳቅሰዋል እኮ! ዘሚ የኑስ ለልጇ ለጆጆ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ኦቲዝም የሚለው ቃል በአገሩ ጆሮ ባልገባበት ዘመን ልጇን ሳትደብቅ አደባባይ ወጥታ አስተማረች። በ2021 ከዚህ ዓለም እስከተለየችበት ጊዜ ድረስም አላረፈች። አባዱላ ገመዳ ዳውን ሲንድረም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቁመዋል። ወላጅ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ሰፈሩ ባልዲ ይዞ ይወጣል እንጂ «ራስህ አጥፋው» አይለውም። ማዕከል መክፈት ያልቻለችው፣ እንጀራ ሸጣ የምታድረው እናት ልጅም ከእነዚህ ልጆች እኩል የመማር መብት አለው።

እስካሁን ለእናቲቱ ተናገርኩ፤ አሁን ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእርስዎ ነው። እድራችን ለሞተ ሰው በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ሌሊቱን አብሮ ያድራል። ጉልበቱም፣ አደረጃጀቱም፣ የስም ዝርዝሩም አለን። ይህንኑ በሕይወት ላለ ልጅ እናውለው። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ አንሡ፦ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድግ እናት ማን ናት፣ በሳምንት 2 ሰዓት ተራ ገብቶ ልጇን የሚይዝላትስ ማን ነው? የመጀመሪያውን ተራ የጠየቀው ሰው ራሱ ይውሰድ። ከዚያም በሯን አንኳኩና «አይዞሽ» ከማለታችሁ በፊት «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ልምጣ?» በሏት።