የእንጀራ ድኅረ ማዕድ ሕይወት፦ ከሌማት እስከ ውሻው ሳህን

ይህ ጉዳይ እስካሁን የምሁራንን ትኩረት ያላገኘበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ምሁራኑ ጠዋት ጠዋት ይበሉታል። ስለ ፍርፍር ነው የምናወራው። አጥኚው ወደ ርዕሱ የተሳበው አንድ ነገር ካስተዋለ በኋላ ነው፦ በአገራችን ትርፍራፊ በላሁ የሚል ሰው የለም። ማታ የተረፈው ሽሮ ሲነጋ «የሽሮ ፍርፍር» ተብሎ ይሾማል፤ ማታ ፊት የተነሳው እንጀራ ጠዋት ከእነ እንፋሎቱ ቀርቦ «ትኩስ ትኩሱን ብሉ» ይባልለታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ፈጣን እድገት ተመዝግቦ አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከሊጡ መጀመር ግድ ይላል። የጤፉ ዱቄት በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፣ አብሲት ይጣልለታል፣ ይጋገራል፣ ሌማት ላይ ይወጣል። ምጣዱ ላይ ውኃ ጠጥቶ የላላው ስታርች ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይያያዛል፤ የያዘውን ውኃ ይለቃል፤ እንጀራው ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ጠቅልዬ ልጉረስህ ቢሉትም እምቢ ይላል። (የጤፉ ከማሽላው ዘግይቶ እንደሚደርቅ ለማወቅ አንድ ጊዜ ከማሽላ ጋር ማደር ይበቃል።) ሆኖም ሙቀትና እርጥበት አብረው ካገኙት የጠነከረው ስታርች እንደገና ይላላል። የፍርፍር ምሥጢር ይኸው ነው። እናቶች እዚህ ግኝት ላይ የደረሱት ያለ ላቦራቶሪ ነው፤ ቁሌቱን ያበስላሉ፣ በርበሬውን ያስታርቃሉ፣ ውኃ ጠብ ያደርጋሉ፣ ሲንተከተክ እንጀራውን በእጅ ቆራርሰው ይጨምራሉ፣ ከድነው ያወርዳሉ። እንጀራውን በቢላ የሚከትፍ ተመራማሪ በመስኩ ተቀባይነት የለውም። እንጀራው ከሻገተ ግን ጉዳዩ ከፍርፍር ሥልጣን ውጭ ነው፤ ሻግቷል አልሻገተም የሚለውን የምትወስነውም እናት ናት፣ በአፍንጫዋ፣ ይግባኝ በሌለው ውሳኔ።

አርቆ የሚያስብ ቤት ሻጋታን አይጠብቅም። እንጀራውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ድርቆሽ የዘማች ስንቅ ነበር፤ ዛሬ የተማሪና የመንገደኛ ነው፤ በሻንጣ ታጭቆ ባሕር ይሻገራል፤ አረብ አገር ደርሶ ውኃ ሲነካው ተመልሶ ሰው ይሆናል። እዚህ ላይ ለንጽጽር ያህል፦ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860 አካባቢ እንግሊዝ አገር ውስጥ የውሻ ብስኩት እያመረተ መሸጥ ጀመረ። ሐሳቡ የመጣለት ውሾች መርከበኞች የጣሉትን ደረቅ ብስኩት ሲሻሙ አይቶ ነው ይባላል። የዛሬው የቤት እንስሳት ምግብ ኢንዱስትሪ ጅማሬ ይህ ነው። በሌላ አነጋገር ፈረንጅ ድርቆሽን ለውሻ ሰጠ፤ እኛ ለራሳችን አስቀረን። የትኛው ወገን እንደተሸወደ መወሰን ከዚህ ጥናት አቅም በላይ ነው።

ወደ እንስሳቱ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስዊድን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ እንዳለው፣ በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 እንደሚደርስ አሳይተዋል። ማለትም ውሻ ከሰው ጋር ለመኖር ሲወስን አንጀቱን አስተካክሎ ነው የገባው። የግቢያችን ቡቺ ሽሮ ፍትፍት ሲቀርብለት ጅራቱን የሚቆላው በትሕትና ሳይሆን በዘረመል ነው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው የአበው ድምዳሜም የቅጥር ውል ማጠቃለያ ነው፤ ደመወዙ በዓይነት፣ የሥራ ሰዓቱ ሌሊት፣ የዓመት ፈቃድ የለውም።

ድመት ይህን ውል አልፈረመችም። ውሮ ከመሶቡ ግርጌ ቁጭ ብላ የተመጋቢውን ጉልበት በእጇ መታ ታደርጋለች፤ አንዴ በለስላሳው፣ ካልተሰማች በጥፍር። ሽሮ ፍትፍት ሲጣልላት ታሸተዋለች። ቀና ብላ የጣለላትን ሰው ታያለች። ከዚያ ወለሉን በእጇ እየጫረች ልትቀብረው ትሞክራለች። በቤቱ ምግብ ላይ እንዲህ ያለ አስተያየት ሰጥቶ ቤቱ ውስጥ የቀጠለ ሌላ ፍጡር አጥኚው አያውቅም። በሐቅ ካየነው ግን እውነት አላት። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ካላገኘችው ዓይኗ እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1975 ታውቋል፤ ጣፋጭ የሚባል ጣዕም እንደማትለይም በ2005 ተደርሶበታል። ስለዚህ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርቡ ሁሉ ተደምሮ፣ እሷን ሳያማክር የተደነገገ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ያሉት አበው ሐሜት ያወሩ ይመስለን ነበር፤ ለካ ስለ ታውሪን ነው። በጾም ቀን ለድመቷ ሳንባ የሚገዛ ቤት አለ፤ ሥጋ ሻጩ «ለድመት ነው» ሲሉት ፈገግ የሚለው ለምን እንደሆነ ግን አልተጠናም። የሙስሊም ጎረቤታችን ድመት በዚህ ረገድ የተሻለ ይዞታ ላይ ናት፤ ጾሙ ቢጠና እስከ መግሪብ ነው፣ ከዚያ የሳምቡሳው ሥጋ ይደርሳታል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የእንስሳት ሐኪሞች አቋም ነው። ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ድመትን ይብሳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ የቀረው ማጀቢያ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ስንጥር ስለሚያወጣ ለውሻ አይሰጥም ይላሉ። በዚህ ሚዛን ከሄድን የበዓል ማግስት ግቢው ሁሉ ሊከሰስ ነው። ቡቺ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የሰማ አይመስልም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ የትርፍራፊው ሰንሰለት ማን ላይ ያበቃል? ነባሩ አስተሳሰብ ውሻው ላይ ነው ይላል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። የበዓሉ ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ሲከፋፈል ፈረሰኛው ለአባወራ ይወጣል፣ ሥጋው ለእንግዳና ለልጅ ይዳረሳል፣ አጥንቱ ለቡቺ፣ ቆዳው በተንኮል ለውሮ። ድስቱ ጥግ ላይ የተጣበቀው ቁሌትና ልጆች ነክሰው የተዉት የእንጀራ ጠርዝ ይቀራል። ይህን የምትበላው እናት ናት፤ ማድቤት ውስጥ፣ ቆማ፣ በአንድ እጇ ድስቱን አዘንብላ። «አንቺስ?» ስትባል የምትሰጠው መልስ ከጎንደር እስከ ሐዋሳ አንድ ነው፦ «እኔ በልቻለሁ።» መቼ እንደበላች የሚመሰክር እማኝ አልተገኘም። በሥጋ ድርሻ ውሻው ይበልጣታል።

ከግቢ ውጭም ሰንሰለቱ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆቴል የሚወጣው ትርፍራፊ «ቡሌ» ይባላል፤ በፌስታል ይሸጣል፤ ገዢው ሰው ነው። አጥኚው እዚህ ክፍል ላይ የሚያሽሟጥጠው ስላላገኘ አልፏል።

የመጨረሻው ምልከታ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ የሄዱ አንዲት እናት ሶፋ ላይ የሚተኛ ማክስ የሚባል ውሻ አገኙ። የምግቡ ከረጢት ላይ ሳልመን፣ ስኳር ድንችና «እህል አልባ» የሚል ተጽፏል። ሲነበብላቸው «እህል ያልነካው ምን ምግብ ነው?» ብለው ጠየቁ። (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 እህል አልባ የውሻ ምግብ ከልብ ሕመም ጋር ይያያዝ እንደሆነ መመርመር ጀምሯል፤ እሳቸው ግን ባለሥልጣኑን አልጠበቁም።) ልጅቱ ከአራስ ልጇ ጋር በተኛች ቁጥር ማክስ ማድቤት ውስጥ ፍርፍር ይጠብቀው ጀመር። ሽንኩርት እንደሚጎዳው ሲነገራቸው «እሺ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ሽንኩርት፣ ለብቻው፣ በቅቤ ይሠሩለታል። ጡት የምታጠባው ልጃቸው እንኳ በዚያ ሳምንት ያን ያህል ቅቤ አላገኘችም።

ሐኪም ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ነገሩ ተጋለጠ። ሐኪሙ ከደረቁ ምግብ ሌላ የሚበላው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ይሄን ውሻ ምን አብልተሽው ነው?»

«ኧረ መች በላና! ቀመሰ እንጂ።»