እስክሪብቶ ያለው?

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር የምንኖር ሐበሾች እስክሪብቶ የምንገዛው ለመጻፍ አይደለም፤ ሶኬት ለመክፈት ነው። የኬንያ ሶኬት ከእንግሊዝ የተወረሰ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው። ከላይ ያለችው የኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ቀዳዳ ውስጥ አንድ ነገር ካልገባ የታችኞቹ ሁለቱ ክዳናቸውን አይከፍቱም። ሕፃን ሚስማር እንዳይከትበት ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእንግሊዞቹ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣ ነው። ብልሃቱ ግሩም ነው፣ አንከራከርም። ከአዲስ አበባ ያመጣነው ዕቃ ግን ሁሉም ስፒናው ባለ ሁለት እግር ነው። ቻርጀሩ ሁለት እግር፣ ካውያው ሁለት እግር፣ ቡና መፍጫው ሁለት እግር። ስለዚህ እስክሪብቶው ከላይ ይገባል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ስፒናው ይሰካል። ልጆችን ይጠብቃል የተባለውን ሶኬት ልጆቻችን በእርሳስ ይከፍቱልናል። (እርሳስ ኮረንቲ እንደሚያስተላልፍ የነገራቸው የለም።)

ይህስ ባልከፋ። የሚያናድደው በብዙዎቹ የኪራይ ቤቶቻችን በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ኧርዝ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ቀዳዳዋ አለች፣ ሽቦው የለም።

ሶኬቱን በካቻቪቴ ፈትቶ ላየው ሰው ነገሩ ወዲያው ይገለጥለታል። ከግድግዳው የሚወጣው ጠፍጣፋ ግራጫ ኬብል ሦስት ሽቦ አለው። ሁለቱ ፕላስቲክ ለብሰዋል፤ መሃል ያለው ኧርዝ ራቁቱን ነው፣ ከሲታም ነው። ፌዙና ኑትራሉ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆኑ እሱ 1.5 ነው። አምራቾቹ ምክንያት አላቸው፦ በደህናው ጊዜ ኮረንቲ አይሄድበትም፣ ግራጫው ልባስ ይሸፍነዋል፣ ሠራተኛውም አንድ ሽቦ ከመላጥ ይድናል። ጣጣው የሚመጣው ልባሱ ሳጥኑ ውስጥ ከተገፈፈ በኋላ ነው። ያኔ ባዶው መዳብ ቢጫና አረንጓዴ ቱቦ መልበስ አለበት። እዚህ ፉንዲ የምንለው ባለሙያ ግን ቱቦ ይዞ አይመጣም። ቱቦ ሱቅ አልቋል። ቱቦ ነገ ይመጣል። ደግሞስ ቱቦ ምን ያደርጋል? ሀኩና ሺዳ (ችግር የለም)! ስለዚህ ራቁቱ ሽቦ ፌዙን እንዳይነካ ወይ ወደ ኋላ ያጥፈዋል፣ ወይ ናስትሮ ይጠቀልልበታል፣ ወይ ደግሞ፣ የሚበዛውም ይኸው ነው፣ ከሥሩ ቆርጦ ይገላገለዋል።

ታዲያ እንደ ጀርመኖቹ ኬብል ኧርዙንም ለምን አያለብሱትም እያልን እንጮሃለን። ትንሽ ፕላስቲክ ስንት ሊያወጣ ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የለበሰውም አላዳነንም። የለበሰ ሽቦ ለፉንዲ ትርፍ ሽቦ ነው። የደረጃው መብራት ከላይም ከታችም እንዲበራ ሲፈለግ አንድ ሽቦ ይጎድላል፤ አዲስ ኬብል ከመሳብ ቢጫ አረንጓዴዋን ፌዝ ማድረግ ይቀላል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ሌላ ፉንዲ ኧርዝ ናት ብሎ በባዶ እጁ ይይዛታል። ራቁቱ ሽቦ ቢያንስ ከዚህ ተንኮል ነፃ ነው፤ ያለ ልባስ ፌዝ የሚያደርገው ደፋር እስካሁን አላጋጠመንም። አንቸኩል እንጂ።

ሻወሩማ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ውሃውን እዚያው ከራሳችን በላይ የሚያሞቀው ዓይነት ነው። ወደ 5 ኪሎዋት ይበላል፣ በብዙዎቹም ማሞቂያው ጥቅልል ራቁቱን ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ኧርዝ የሚያስፈልገው ዕቃ ቢኖር ይህ ነው፤ ኧርዝ የሌለውም ይኸው ነው። በሐምሌ ብርድ ቧንቧውን ስንነካ ይነዝረናል። ለአከራይ ስንናገር «ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ታጠቡ» እንባላለን። ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያ ብሬከር የተገጠመለት ቤት የደረሰውም አልተረፈም። ሻወሩ በተከፈተ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል፤ ፉንዲው መጥቶ «ብሬከሩ ተበላሽቷል» ይልና ዘሎት በቀጥታ ያገናኘዋል። ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነበር። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ሥራውን የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር።

ምጣዱ ጋ እንምጣ። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በኬንያ 240 ቮልት ላይ ሲሰካ ከ4 ኪሎዋት ያልፋል። የእዚህ ስፒና ፊዩዝ 13 አምፔር ነው፤ እሱም 3.1 ኪሎዋት ያህል ይችላል። ስለዚህ እንጀራው ተጋግሮ ሳያልቅ ፊዩዙ ይሄዳል። አዲስ ይገባል፣ ይሄዳል። ሌላ ይገባል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ አንዱ ብልህ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልልበታል። ከዚያ ወዲያ ፊዩዙ አይሄድም፤ የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው። ምጣድ ለምድጃ ተብሎ ለብቻው በተሳበው ወፍራም መስመር መሰካት ነበረበት፤ ያ መስመር ግን የሚሄደው አከራዩ ወደማያስነካን ምድጃ ነው።

ሕጉ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው ፈቃድ ያለው ሰው ነው ይላል። ፈቃድ ያለውን እንጠራለን፤ አይቶ ራሱን ይነቀንቅና ግድግዳው ይፈረፈር ይላል። አከራዩ ቀለሙ አዲስ ነው ይላል። እንግዲህ ፈቃድ የሌለው ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያስቀው፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ኬንያ ከኢትዮጵያ ኮረንቲ ትገዛለች። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ በ500 ኪሎቮልት መስመር ይመጣል። ምጣዱ የኛ፣ እርሾው የኛ፣ ከኮረንቲውም ከፊሉ የኛ። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ የመጣ ኮረንቲ የሚሸነፈው ግድግዳው ላይ፣ የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ነው።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመድ «ምጣዱ ኧርዝ ያለው ይሁን፣ አደራ» ብለን ነበር። አላሳፈረንም። ኬብሉ ወፍራም፣ ሦስቱም ሽቦ ልባስ የለበሰ፣ ቢጫ አረንጓዴዋ ደምቃ የምትታይ። ስፒናው ግን ክብ፣ ሁለት ወፍራም እግር ያለው፣ ኧርዙ በጎንና በጎኑ ባሉ ብረቶች የሚነካ። እዚህ የሚሸጠው መቀየሪያ ደግሞ ሁለቱን እግሮች ብቻ ይቀበላል፤ የጎኖቹ ብረቶች የሚነኩት ፕላስቲክ ነው። አደራ ያልንበት ኧርዝ አየር ላይ ቀረ። በቃ፣ ስፒናው ይቆረጥና የእዚህ አገር ባለ ሦስት እግር ይግባለት ተባለ። ፉንዲው መጣ። ቡናማዋን ላጠና አሰረ፣ ሰማያዊዋን ላጠና አሰረ። ቢጫ አረንጓዴዋን አገላብጦ አያትና «ይቺ ትርፍ ናት» ብሎ በፒንሳው ቆረጣት። ያስከፈለን ግን የሦስቱንም ሽቦ ነው።