ሃርቪ ዕድገት ቢጠይቅ

እንኳንም ሐኪሙ ዊልያም ሃርቪ ቀድሞ ሞተ። ደም በልብ ግፊት በሰውነት እንደሚዘዋወር ያስረዳበትን ቀጭን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1628 ፍራንክፈርት ላይ አሳትሞ፣ እስከሚቀጥለው ሥራው፣ እስከ 1649፣ ድምፁን አጠፋ። 21 ዓመት ሙሉ! የዛሬ የዕድገት ኮሚቴ ቢያገኘው፣ “ዶክተር፣ ዘንድሮስ ምን አሳተሙ?” እያለ መግቢያ መውጫ ባሳጣው ነበር።

የፊዚክስ ሊቁ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባመጣው፣ ተመራማሪን በጽሑፎቹ ብዛትና በተጠቀሱበት ጊዜ በሚለካው ኤች-ኢንዴክስ፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ ያለው ተመራማሪ ሚሊዮን ጊዜ ቢጠቀስም ውጤቱ 1 ነው። አሥር ጽሑፍ አሳትሞ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ያስጠቀሰ ግን (ራሱን በራሱ እየጠቀሰም ቢሆን፣ ማን ቆጥሮበት?) 10 ያገኛል። ሃርቪ በሕይወት ሳለ ያሳተመው ሦስት መጽሐፍ ነው፤ የዓለም ሐኪም ሁሉ ቢጠቅሰው ከ3 አያልፍም።

ስለዚህ ዶክተር ሃርቪ፣ ማመልከቻዎ ውድቅ ሆኗል፤ ጽሑፍ ጨምረው በሚቀጥለው ዓመት ይመለሱ።