«ጃጅተዋል» ላላችሁ ጎረቤቶች

ሰውየው የእድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ማን የስንት ወር መዋጮ እንዳልከፈለ ደብተር ሳይገልጡ ይናገራሉ። ዘንድሮ ዝም አሉ። ሲጠሯቸው ቆይተው ዞር ይላሉ፣ እህል አይበላላቸውም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅተው ቁጭ ነው። ሰፈሩ ምርመራውን ቡና ላይ ጨረሰ፦ «ጃጅተዋል!» (ውዝፍ ያለበት ሁሉ ሳይደሰት አልቀረም።)

«እርጅና ነዋ!»
እርጅና ከሆነማ ታላቅ እህታቸው በርበሬ ተራ ሲከራከሩ የሚውሉት እርጅና ረስቷቸው ነው? ይህ ድባቴም ሊሆን ይችላል።

«ድባቴ የጎረምሳ በሽታ አይደል?»
መታወቂያ አይቶ አይገባም። ሽማግሌ ጋ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» አይልም፤ «ወገቤን፣ እንቅልፌን» ይላል። ሐሳብ ይዘገያል፤ ማቀድና ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው መሻገር ይከብዳል።

«ሐሳብ ነው እንጂ ጭንቅላታቸው ምን ሆነ?»
ኤምአርአይ ይጠየቃ! ድባቴ ባለባቸው ብዙ ሽማግሌዎች ላይ ትዝታ የሚይዘው ሂፖካምፐስ አንሶ ይታያል። የፊተኛውን አንጎል ከውስጠኛው የሚያገናኙት መስመሮች ላይም ነጫጭ ነጠብጣብ ይገኛል፤ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. አንዳንዱ የሽማግሌ ድባቴ ከደም ሥር ይነሳል የሚል መላ ምት ያቀረቡት በዚሁ የተነሳ ነው። ስለዚህ የደም ግፊታቸውን ለኩላቸው። ጨው ሲቀነስማ «ወጡ አልጣፈጠም» ባዮቹ እናንተው ናችሁ።

«ከመርሳት በሽታ በምን ይለያል?»
ይህቺ ጥያቄ ደህና ናት። ሐኪሙ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲል ድባቴ ያለበት «እኔ እንጃ፣ ተወኝ» ማለት ይቀናዋል። የመርሳት በሽታ ያለበት ግን ይሞክራል፣ ይስታል፣ ከዚያ «ቀን ቆጥሬ ምን ላደርግ!» ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው «ረሳሁ፣ አበቃልኝ» እያለ ራሱ ያማርራል፤ የሁለተኛውን ብሶት የሚያወሩለት ልጆቹ ናቸው። ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ቤት ተከራይተው ይገኛሉ፣ ድባቴውም አንዳንዴ የመርሳቱ ቀዳሚ ምልክት ነው። የታይሮይድ ሆርሞንና የቪታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲሁ ስለሚያፈዝ የደም ምርመራው አይዘለል።

«መድኃኒቱን ሦስት ቀን ዋጡ፣ አልሠራም።»
ለጸበሉ ሰባት ቀን፣ ለክኒኑ ሦስት? የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። ማቀድ ላቃተው ሰው ክኒኑ ደከም ሊል ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ችግርን ቆራርጦ መፍታትን የሚያለማምድ የንግግር ሕክምና እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። ስሜቱ ተመልሶም የሐሳቡ ፍጥነት እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ ይህን አልሸሽግም።

«የአእምሮ ሐኪም ጋ ሲገቡ ሰው ቢያያቸውስ?»
ያየ ሰው ወረፋ ይያዝላቸው!