የባለ ሙሉ ሞላ ብስክሌት ውዳሴ

የቀድሞው መኰንን በቅሎውን በመርገፍ ሸልሞ፣ አሽከሮቹን ከፊትና ከኋላ አሰልፎ ወደ አደባባይ ሲወርድ በቅሎይቱ ስንት ምዕራፍ ትሄድ እንደ ሆነ የሚጠይቀው እንዳልነበረ ሁሉ፣ የዛሬው ጐልማሳም ከፊትም ከኋላም ሞላ የተገጠመለትን፣ ዋጋው ግን ከተራው ብስክሌት እምብዛም የማይርቀውን የተራራ ብስክሌት ገዝቶ በአስፋልቱ ላይ ብቅ ሲል፣ ይህ ነገር ይሄዳል ወይስ አይሄድም ብሎ መመራመር የምቀኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ልግዛ ወይስ ልተው እያለ በሱቅ ደጃፍ ላይ የሚያመነታ ወንድም ቢኖር ልቡን ለማጽናት፣ የነቃፊዎችንም አፍ ለመዝጋት ይህችን አጭር ውዳሴ ጽፌአለሁ።

አስቀድመን ስሙን እንመርምር። መተርጕማን እንደሚያደርጉት በአንድምታ ብንፈታው፣ ባለ ሙሉ ሞላ ማለት ሁለቱም ጎማዎቹ በሞላ ላይ ያረፉለት ማለት ነው። አንድም፣ ሞላ ማለት ጐደሎ የሌለበት ማለት ነው፤ ጎረቤት በመስኮት ሲያየው «ይህስ ምን ጐደለው!» ይላልና። ሦስተኛም አንድምታ አለው፤ እርሱ ግን የሚገለጠው ብስክሌቱ ከተገዛ ከወራት በኋላ ስለ ሆነ በቦታው እንመለስበታለን።

ነቃፊዎች ነገሩን የሚጀምሩት በሒሳብ ነው። የኋላ ሞላ ብቻውን አይመጣም፤ የብስክሌቱ አጽም ለሁለት ተከፍሎ በመታጠፊያ መጋጠም አለበት፤ መታጠፊያው ኩሽኔታ ይሻል፤ ሞላውም ንዝረቱን የሚያበርድለት ዘይት ያለበት ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ተጨምሮ ዋጋው ከተራው ብስክሌት ጋር ከተካከለ፣ የጐደለው ገንዘብ ከፍሬኑ፣ ከማርሹና ከቸርኬው መነጠቁ አይቀርም ይላሉ። ይህ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ሒሳብ ነው። ለመሆኑ ፍሬንን ማን ያያል? ፍሬን የሚታወቀው በቁልቁለት፣ ያውም በጭንቅ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ጥምዝምዝ ሞላ ግን ከመንገድ ማዶ ይታያል። በኩሽኔታው ፈንታ የገባው ፕላስቲክ ተበልቶ የኋላው ጎማ እንደ ላም ጅራት ወዲህና ወዲያ ቢወዛወዝስ ምን ነውር አለበት? ዝንብ ያባርራል።

ደግሞም ሞላ አደራ በላ አለመሆኑን ልብ ይሏል። የተቀበለውን ኀይል መመለስ ባሕርዩ ነውና፣ ጥድፊያውን የሚገታለት ዘይት በሌለበት ጊዜ ከጕድጓዱ የተረከበውን አንዳች ሳያጓድል ለጋላቢው ወገብ ያስረክባል። ትሕትናውም የሚደነቅ ነው፤ ጋላቢው ፔዳሉን በረገጠ ቍጥር ብስክሌቱ እንደ ስቅለት ዕለት ምእመን ወደ ምድር ዝቅ ብሎ ይነሣል፤ ዳግመኛም ሲረገጥ ዳግመኛ ይሰግዳል። ከስግደቱ ብዛት የተነሣ ወደ ፊት ለመሄድ ጊዜ ቢያጣ፣ የጋላቢውም ጕልበት በመንገዱ ፈንታ ሞላውን ሲያወጣና ሲያወርድ ቢያልቅ፣ ይህ ለነፍስ ጥቅም እንጂ ጉዳት ተብሎ አይቈጠርም። ክብደቱም ብዙ ጊዜ 18 ኪሎ ገደማ ስለ ሆነ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው መንገዱን አጋምሶ ብስክሌቱን ሲገፋ፣ ማን ማንን ይጋልባል የሚለውን ጥልቅ የፍልስፍና ጥያቄ በገዛ ትከሻው ይመረምራል።

ነቃፊዎቹ ታሪክም ይጠቅሳሉ። በ1969 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ፣ ፌርፋክስ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከተራራ ብስክሌት አባቶች የሚቈጠሩት እነ ጆ ብሪዝና ጋሪ ፊሸር የገቡበት የቁልቁለት ውድድር ተጀመረ። የያዙትም ጎማው ወፍራም፣ ሞላ ያልነካው አሮጌ ብስክሌት ነበር፤ የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ እየጨሰ ያልቅ ስለ ነበር፣ ከወረዱ በኋላ እንደ ገና መሙላት ግድ ሆነባቸው፤ ውድድሩም ከዚሁ የተነሣ «ሪፓክ»፣ ይኸውም «ዳግመኛ መሙላት» ተባለ። ሞላ ያለው የፊት ሹካ ለብዙ ሰው የደረሰው ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የኛው ብስክሌተኛ ገረመው ደንቦባም በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲጋልብ፣ ከጉልበቱ በቀር ሌላ ሞላ አልነበረውም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች የሚያሳዝኑ ናቸው፤ ተራራ ወረዱ፣ ባሕር ተሻግረው ተወዳደሩ እንጂ በሰፈራቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲታዩ ምን ያህል ያምሩ እንደ ነበር የጻፈልን የለም።

ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ሱቅ ስትገባ እነዚህን ሦስት ሕግጋት ጠብቅ። መጀመሪያ፣ ኮርቻውን በእጅህ ተጭነህ አትልቀቀው፤ ረጋ ብሎ በመመለስ ፈንታ እንደ ኳስ ቢነጥር ሞላው ባዶ ሽቦ መሆኑን ታውቅና ታዝናለህ። ሁለተኛ፣ የኋላውን ጎማ ይዘህ ወደ ጎን አትነቅንቀው፤ ገና ሳይጋለብ ቢላወስ ሻጩን በከንቱ ታሳፍረዋለህ። ሦስተኛውና ታላቁ ሕግ፣ አብሮት የመጣውን መመሪያ አታንብብ፤ በአንዳንዱ ላይ ይህ ብስክሌት ከተጠረገ መንገድ ውጭ እንዳይጋለብ፣ እንዳይዘለልበትም የሚል ማስጠንቀቂያ አለና፣ ለተራራ ተሰይሞ ከተራራ የተገዘተ ዕቃ መግዛትህን ባወቅህ ጊዜ እምነትህ ይናወጣል።

በዚያው ገንዘብ ሞላ የሌለውን፣ ወይም ከፊት ብቻ ያለውን፣ ቀለል ያለና ፍሬኑ የሚይዝ ብስክሌት የሚገዛ፣ ወይም ደኅና ሠሪ የሠራውን አሮጌ ብስክሌት ፈልጎ ጎማውንና ካቴናውን የሚያሳድስ ሰው አለ። ይህ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ከቤቱ ተነሥቶ ያሰበበት መድረስ ብቻ ነው። የኋላ ሞላ ጥቅሙ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ መሆኑን፣ ያንን የሚያደርገው ሞላ ደግሞ ብቻውን የአንድ ርካሽ ብስክሌት ዋጋ ሊያወጣ እንደሚችል ስላወቀ፣ ዐቅሙ እስኪደርስ ይታገሣል። በአደባባይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እርሱም መንገዱን እያየ ስለሚሄድ አያስተውለውም።

የቀረችው ሦስተኛዋ አንድምታ ናት። ሞላ ማለት ቦታ ሞላ ማለት ነው፤ ያ የተወደሰው ብስክሌት ከጥቂት ወራት በኋላ ከበሩ ኋላ ቆሞ፣ በመሪው ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበት ኮሪደሩን ሞልቶታልና። ቢሆንም ያለ ሥራ ቀረ አይባልም። የቤቱ ሕፃን በየማለዳው እየመጣ ኮርቻውን በሁለት እጁ ተጭኖ ይለቀዋል፤ ኮርቻውም እንደ ኳስ ሲነጥር፣ አባቱ በሱቁ ውስጥ ሊፈትነው ያልደፈረውን እርሱ እየፈተነ ከት ብሎ ይስቃል።