ለቁጠባ የተከፈተ ባር

አዲስ አበባ ውስጥ ኮክቴል ውድ ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚነሳው «እንግዲያው እቤት ብንሠራውስ?» ሲባል ነው፤ ይህች ጥያቄ ስንቱን ቆጣቢ ኪሱን አራቁታዋለች። ቁጠባው የሚጀመረው በዕቃ ግዢ ነዋ። ሼከር ይገዛል። መለኪያ ይገዛል። የሻይ ማንኪያው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣ አንገተ ረጅም ማንኪያ ይገዛል። ለማርቲኒ አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ ለወይን ሌላ ዓይነት። ጠጪው ግን ያው አንድ ሰው ነው።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ጣልያኖች ኔግሮኒ የሚሉትን እንውሰድ፦ ጂን 30 ሚሊ ሊትር፣ ካምፓሪ 30፣ ቀይ ቬርሙዝ 30፣ በረዶ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ሲያዩዋት ምን አላት? ችግሩ 30 ሚሊ ሊትር ካምፓሪ ቀድቶ የሚሸጥ ሱቅ አለመኖሩ ነው። ሦስት ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ግድ ነው። ባለ 750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 25 ብርጭቆ ይወጣዋልና «ከባር ይረክሳል» ያለው ሰው ቃሉ እውነት እንዲሆን ገና ብዙ መጠጣት አለበት። ቬርሙዝ ደግሞ መሠረቱ ወይን ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ፍሪጅ ገብቶ በአንድ በሁለት ወር ካላለቀ ጣዕሙ ይሞታል። እናም በወር አንዴ ይቀምስ የነበረው ሰውዬ፣ እንዳይበላሽበት ሲል ማክሰኞም መጠጣት ይጀምራል። ብክነት አይወድማ!

ለነገሩ እኛ ቤት ጠርሙስ መከፈቱ ራሱ ተአምር ነው። በየቡፌው መስታወት ውስጥ ከዱባይ የመጣ ውስኪ አለ፤ ለማን እንደተቀመጠ ባለቤቱም አያውቅ። ልጅ ተመረቀ፣ አልተከፈተም። ልጅ ተዳረ፣ አልተከፈተም። ተከፍቶ ያለቀው ጠርሙስ ደግሞ ታጥቦ፣ ውኃ ተሞልቶ ፍሪጅ ይገባል። እንግዳ ፍሪጁን ሲከፍት የተደረደረውን ብላክ ሌብል አይቶ «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል?» ይላል።

ባለፈው ጎረቤቴ «ሞሂቶ ልሠራላችሁ» ብሎ ጠራን። ሞሂቶ የኩባ ነው፤ ነጭ ረም፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ናናና ሶዳ ይፈልጋል። ረሙ ተወዶ በአገር ውስጥ ጂን ተተካ። ሶዳው በአምቦ ውኃ ተተካ፤ እሱስ ይሁን፣ እንዲያውም አምቦ ይበልጣል። ናና ጠፋ፤ የግቢው ጤና አዳም ተቀጠፈ። የሞሂቶ ቅጠል እንዳይመር ጫን ጫን ተደርጎ ሽታው እንዲወጣ ብቻ ነው የሚደረገው፤ ጎረቤቴ ግን በነጭ ሽንኩርት ሙቀጫ እንደ በርበሬ ወቀጠው። ሼከሩን በጆሮው አጠገብ እያንቋቋ ቆየ፤ በመሃል መብራት ሄደ፤ በረዶው ቀለጠ። ባለቤቱ በሻማ ብርሃን «በሞቴ ቅመሱ» እያለች ታዞራለች። አንድ ጋሼ ብርጭቋቸውን አሽትተው «ልጄ፣ ቁርጠት አለብኝ ያለሽ ማነው?» አሏት። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ቢራ የለም?» የሚል ነበር። ሼከሩ አሁን የጾም ተልባ ይበጠበጥበታል፤ ለእሱስ እንከን የለውም።

የወይን ጠጪው ቤት ደግሞ ሌላ ትያትር ነው። የቡሽ መክፈቻ ስለማይኖር ቡሹ በቢላ እጀታ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ፍርፋሪው እየተንሳፈፈ ሰውየው ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «የእንጆሪ ቃና አለው» ይላል። እንጆሪ መጨረሻ የበላው መቼ እንደሆነ ጠይቁልኝ።

የሚገርመኝ፣ እነዚሁ ሰዎች ጉደር ወይንን በኮካ የሚጠጣ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስፔን ውስጥ ባስኮች ይህንኑ ቀይ ወይንና ኮካ እኩል በእኩል ቀላቅለው ካሊሞቾ ይሉታል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 አልጎርታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ሰፈር በዓል ላይ ነው ይባላል፤ ለበዓሉ የተገዛው ወይን ተበላሽቶ ሲገኝ ጣዕሙን ለመሸፈን ኮካ ጨመሩበት። ዛሬ ወጣቱ በየአደባባዩ ይጠጣዋል፤ ማንም አያፍርም። እኛ ግን ቢራ፣ ወይን፣ ጂንና ስፕራይት በአንድ ጆግ የሚገናኙበትን ቱርቦን የሰርግ ጓሮ መጠጥ አድርገነው፣ ያንኑ የመሰለ ነገር ጃንጥላ ሲሰካበትና የፈረንጅ ስም ሲወጣለት ወረፋ እንይዛለን። ቱርቦ ኮክቴል ነው። ያውም የሚያሰክር ኮክቴል ነውና በልክ።

እቤት በርካሽ መጠጣት ለፈለገ፦ አንድ ጠርሙስ ያገር ወይን፣ ኮካ ወይም አምቦ፣ በረዶ፣ አንድ ቁራጭ ሎሚ። የተረፈው ወይን ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ይግባ፤ ለጥቂት ቀን አይከፋም። ሞሂቶ ካላልኩ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ጋባዦች ደግሞ፣ እባካችሁ ለጋሼ ቢራ ግዙ።